ሲኒማ፣ ኳስ፣ ሙዚቃና መጽሐፍ፦ አንድ እሑድ ለአራቱ እንዴት ይበቃል?

ልብስ ሰፊው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሙያውን ከያዝኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በሳምንት ስድስት ቀን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከስፌት መኪናዬ አልነሣም። እረፍቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለችው ግማሽ ቀን ናት። ልጃችን ከተወለደች ወዲህ ደግሞ ከዚያች ግማሽ ቀን ላይ ለራሴ የምትተርፈኝ አራት ሰዓት ያህል ብትሆን ነው።

የምወዳቸው ነገሮች አራት ናቸው፤ ሲኒማ፣ ኳስ፣ ሙዚቃና መጽሐፍ። ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ ደንበኛዬ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ስለ ፊልም፣ ስለ ኢትዮጵያ ቡና ክለብ ጨዋታ፣ ስለ አንድ የድሮ ሸክላና ስለማነበው መጽሐፍ በአንድ ትንፋሽ ሳወራው ሰማና «አንዱን ምረጥና እሱን አጥብቀህ ያዝ፤ አለዚያ ከአራቱም ሳትሆን ትቀራለህ» አለኝ። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም። ሐሳቡ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ነገሩን ሳሰላስለው አንድ ነገር ገባኝ። ሥራ ላይ ስሆን ዓይኔ የእኔ አይደለም። መርፌዋ ከጣቴ አጠገብ ነው የምትወርደው፤ አንዴ ቀና ያልኩ እንደሆነ ወይ ስፌቱ ይጣመማል ወይ ጣቴ ይወጋል። ዓይኔና እጄ የደንበኛው ናቸው። ጆሮዬ ግን የራሴ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ስድስቱንም ቀን አገኛለሁ፤ ኳስም በሬዲዮ ሲተላለፍ እሰማለሁ። እሑድ ላይ የሚጣሉብኝ ዓይን የሚፈልጉት ሁለቱ፣ ሲኒማና መጽሐፍ ናቸው። ሲኒማ ብገባ መጽሐፉ ሳምንት ይከርማል፤ ቤት ቁጭ ብዬ ባነብ ፊልሙ ከአዳራሽ ይወርዳል።

ከሁሉም በላይ የከነከነኝን ልንገራችሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ትረካ ከሬዲዮ በካሴት ቀድተው ይዘውት ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ መጀመሪያ ያወቅኩት እንግዲህ በጆሮዬ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ጨርቅ እየቀደድኩ፣ ቁልፍ እየተከልኩ፣ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁ። ጉዱ ካሣ መናገር ሲጀምር ጌታዬ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ከድምፁ በስተቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ዓምና አራት ኪሎ ላይ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ የዚህኑ መጽሐፍ አሮጌ ቅጂ ገዛሁ። ሽፋኑ የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎችም ተቀድደዋል፤ ስንተኛ እትም እንደሆነ አይታወቅም። የቀድሞው ባለቤት ግን በየኅዳጉ በእርሳስ ጽፎበታል፤ አንዳንድ ቦታ አንድ ቃል፣ አንዳንድ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ። ሦስት እሑድ ሙሉ አነበብኩና ከመካከሉ ስደርስ 16 ገጽ የለም። አንድ እጥፍ ወረቀት እንዳለ ከስፌቱ ወጥቶ ጠፍቷል። ልክ እዚያ ቦታ ላይ የወጋየሁ ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ የጎደለውን ሊሞላልኝ ሞከረ። ግማሹን ሞላልኝ፤ ግማሹን ግን ረስቼዋለሁ።

አዲስ እትም መግዛት እንደምችል አውቃለሁ። እኔ ግን ይህኛው ሙሉ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ጥያቄዬ እንግዲህ ሁለት ነው። ሥራ የሚበዛባችሁ ሰዎች ጊዜያችሁን ለምትወዱት ነገር እንዴት ታከፋፍላላችሁ? ሁለተኛ፣ የዚህን መጽሐፍ አሮጌ እትም የያዘ ሰው አለ?

የጃን ሜዳው አሠልጣኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ ደንበኛህ ልክ ነው ባይ ነኝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ አንተ ደግሞ አራት ዛፍ ይዘሃል።

እኔም እንደ አንተ ነበርኩ። ማታ ፊልም፣ ቅዳሜ ሙዚቃ፣ እሑድ ኳስ፣ በመካከሉ መጽሐፍ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዞር ብዬ ሳይ ከሁሉም የቀረልኝ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ኳስን ብቻ መረጥኩ፤ ማየቱንም ተውኩና ማሠልጠን ጀመርኩ። ዛሬ እሑድ እሑድ ከጠዋቱ 12፡30 ጀምሮ ጃን ሜዳ ላይ የሠፈር ልጆች አሠለጥናለሁ። ባሉበት ቆመው ኳስ ሲቀበሉ የነበሩ ልጆች ከኳሱ በፊት ቦታቸውን ማየት ሲጀምሩ ያለው ደስታ ከየትኛውም ፊልም ይበልጥብኛል። ይህን ያገኘሁት ሦስቱን በመተዌ ነው። ቅር አይበልህ፤ የራሴን ነው የነገርኩህ።

ከሰባ ደረጃ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ልጄ ልብስ ሰፊው፣ ጽሑፍህን ማታ አነበብኩት፤ ለመመለስ ግን ሌሊቱን ማሰብ ነበረብኝ። «ኳስን በጆሮዬ ብቻ ነው የማገኘው» ያልከው ነገር እንደ ጉድለት መስሎህ ከሆነ የእኔን ስማ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል በነበረው በዛሬው አዲስ አበባ ስታዲየም ይካሄዳል፤ ኢትዮጵያና ግብፅ። ግብፅ በዚያ ዘመን የተባበሩት ዐረብ ሪፐብሊክ ነበር ስሟ፤ እኛ ልጆቹ ግን ግብፅ ነበር የምንለው። የመግቢያ ገንዘብ አልነበረኝምና ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከግንቡ ውጭ ቆምን። ጨዋታውን አንድ ደቂቃም አላየሁም። ሁሉንም ግን ሰምቻለሁ።

ግንቡ ሲያጉረመርም ኳሱ የእኛ ነው ማለት ነው። ድንገት ዝም ካለ ገብቶብናል። በ35ኛው ደቂቃ ላይ ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲውጥ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከእረፍት በኋላ ረጅም ጊዜ አለፈና በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዘልለን ሳናበቃ ደግሞ ዝም አለ። በደቂቃ ልዩነት የግብፁ በደዊ ሁለተኛውን አግብቶ ኖሯል። ወንድሜ ጉልበቱን ይዞ ቁጭ አለ። በ84ኛው ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገን። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ በመጨረሻም መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አለቀ። ስሞቹን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት የማውቀው ጩኸቱን ብቻ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ሲሰጡም እኔ ከግንቡ ውጭ ነበርኩ።

ከ50 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ያውም እሑድ ነው፣ ከልጄ ጋር ያንኑ ስታዲየም ገባሁ። ኻርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር 2 ለ 0 ይበቃን ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አገቡ፤ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ያን ቀን ሁሉንም በዓይኔ አየሁ። ሁለቱንም ቀኖች ሳስተያይ የትኛው ይበልጥ እንደሆነ መናገር አልችልም። በጆሮ የገባ ነገር ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው።

ስለዚህ ልጄ፣ ኳሱን ስትሰፋ መስማትህን አትናቀው። እሑድንም ለኳስ አታባክን፤ በሳምንቱ መካከል ድርሻውን እየወሰደ ነው።

ልብስ ሰፊው
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ጮክ ብዬ ለጓደኛዬ አነበብኩለት፤ «ዝም አለ» የሚለው ጋ ስደርስ ካውያውን ጨርቁ ላይ ረስቶት ሊያቃጥለው ነበር። እኔ ስታዲየሙን የማውቀው ካታንጋ በሚባለው የተመልካች ቦታ ላይ ተቀምጬ ነው። ለእድሳት ተዘግቶ ጨዋታው ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዳማና ወደ ድሬዳዋ በሄደባቸው ዓመታት ቡናዎችን በሬዲዮ ብቻ ስከታተል እንደተቀማሁ ይሰማኝ ነበር። ከዛሬ በኋላ እንደዚያ አላስብም።

አሠልጣኝ ወንድሜ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። አልተቀየምኩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሦስቱን በተውካቸው ጊዜ አልናፈቁህም?

ባለ ክራሩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልብስ ሰፊው ወንድሜ፣ ጋሼ የተናገሩት ለኳስ እውነት ነው። ለሙዚቃ ግን ተቃራኒውን ልነግርህ ነው። ሙዚቃን በጆሮህ ብቻ እያገኘህ ከሆነ ግማሹን ነው ያገኘኸው።

ክራር እጫወታለሁ። ከመጫወቴ በፊት መቃኘት አለብኝ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ። አንድ አውታር ትንሽ ላላ ስትል ትዝታው ሌላ ስሜት ይሆናል። አንተ በሬዲዮ የምትሰማው ተቃኝቶ ያለቀውን ነው። አዝማሪ ቤት ብትገባ ግን ከዘፈኑ በፊት ያለውን ታያለህ። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ዓይኑ ከሰው ፊት ላይ አይነሣም። ማን እንዳዘነ፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን ባለ ሥልጣን እንደሆነ ያነባል፤ ግጥሙን የሚያወጣው ካነበበው ነው። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ወርቁን ከሰሙ ሳያናጋ በዜማው ላይ ይጥለዋል። ካሴት ይህን አይቀዳም። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ እንደዚያ ያለ ምሽት የማገኘው በስንት ፍለጋ ነው፤ ሲገኝ ግን ሥራዬን ትቼም ቢሆን እሄዳለሁ።

ይህን ስል ሸክላን አቃልዬ አይደለም። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ያን ክልከላ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሙዚቃ ሕንድ ሀገር አሳትሞ ባያመጣ ኖሮ የዚያ ትውልድ ድምፅ ለእኛ ባልደረሰ ነበር። በ1966 ዓ.ም. አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሲገናኝ የእኛ ቅኝት ከጃዝ ጋር ምን ማድረግ እንደሚችል ለማሳየት ሙላቱ ዝግጁ ነበር። ዛሬ ያን ዘመን የምናውቀው በተቀዳው ነው። ብቻ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ዓይንህንም ይዘህ ሂድ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የስፌት መኪናህን ፔዳል ስትረግጥ እግርህ ዘፈኑን ይከተላል ወይስ ዘፈኑ ይጠብቅሃል?

ልብስ ሰፊው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ይከተላል። ጌታዬ ለዚህ ነበር ኮሌታ ስሰፋ ፈጣን ዘፈን የሚከለክሉኝ። ኮሌታ ላይ ትዝታ፣ ቀጥ ባለ የሱሪ ስፌት ላይ የፈለግኩትን። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነኝ።

የአራት ኪሎዋ አንባቢ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ወንድሜ ልብስ ሰፊው፣ የመጀመሪያውን ጥያቄህን ሌሎች እየመለሱልህ ነው፤ እኔ ሁለተኛውን ይዤ መጣሁ። አባቴ የተዉት አንድ አሮጌ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቤታችን አለ። እሱም ሽፋኑ የለውም፤ ስፌቱ ግን ጠንካራ ነው። ከጎደለህ ክፍል በፊት ያለው የመጨረሻው ገጽ በምን ቃላት እንደሚያልቅ፣ ከጎደለው በኋላ ያለው ደግሞ በምን እንደሚጀምር ጻፍልኝ። መጽሐፉ ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ደጋግሞ ስለታተመ ገጹ ካልገጠመ ቅጂው አይጠቅምህም። ከገጠመ ግን 16ቱን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ እሰጥሃለሁ።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መጽሐፍን ለእሑድ ብቻ ማስቀመጥ መጽሐፉን መበደል ይመስለኛል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ 20 ገጽ የማነብበት ቀን አለ። ቁጭ ብዬ ማንበብ ስፈልግ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ፤ በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወንበር ሳጣ የዋልኩበት ቀን አለ፤ ያን ያህል ወጣት በአንድ ጣሪያ ሥር አጎንብሶ ሲያነብ ማየት ራሱ ልብ ያሞቃል። አሮጌ ጋዜጣ ስፈልግ ደግሞ ወመዘክር። ይህን ስም ልብ ብላችሁታል? «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር ሙሉ ስሙ። ሕዝቡ ቤተ መጻሕፍቱን ትቶ የግእዙን «ወ»፣ ማለትም «እና» የሚለውን፣ ከመዘክር ጋር አጣብቆ ያዘው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም በአንድ «እና» ሲጠራ እጅግ ደስ ይለኛል።

ልብስ ሰፊው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

እህቴ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የሁለቱን ገጽ ቃላት በግል መልእክት ልኬልሻለሁ። ቢገጥም ባይገጥም ስለ ሐሳብሽ ብቻ ዕድሜ ይስጥሽ።

ፊልም ወዳድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ስለ ሲኒማ የሚናገር ሰው ጠፋ፤ ልግባ።

አንዳንዱ ሰው ፊልም እኮ ስልክህ ላይ አለ፣ እሑድን ለምን ታባክናለህ ሊልህ ይችላል። አትስማው። በምኒልክ ዘመን ፊልም ማሳያው ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ያለው ጨለማ ውስጥ ብዙ ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ የማያውቀው ነገር ሲንቀሳቀስ በማየቱ ነው። ሲኒማ ማለት ያ አብሮ መቀመጥ ነው። ሌላው ቀርቶ ብሔራዊ ቴአትር የቆመበት ሕንፃ በጣሊያን ዘመን ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ተሻሽሎ በቴአትርነት የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ የአማርኛ ፊልም ስናይ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩም እምቢ አለ። ልጁ ከእናቱ ቤት ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ እጁ በሩ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ጨለመ። አንድ ሰው እንኳን አልወጣም። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት በጨለማው ውስጥ «አይወጣም፤ እናቱ ትጠራዋለች» አሉ። ከኋላ አንድ ወጣት «ብትጠራውም ይወጣል» አለ። ክርክር ተነሣ። ሰዉ የራሱን ቤት ታሪክ ማውጣት ጀመረ፤ አንዱ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ስለወጣበት ሌሊት ተናገረ። 20 ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየን። መብራት ሲመጣ ልጁ ወጣ፤ እናቱም አልጠራችውም። ከፊቴ ያሉት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። የፊልሙን አጨራረስ ረስቼዋለሁ፤ ያን ጨለማ ግን አልረሳውም።

ስለዚህ መጽሐፍህን የአራት ኪሎዋ እኅታችን እንዳለችው በሳምንቱ ውስጥ በትነው። ፊልም ግን አይበተንም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይፈልግሃል። እሑድን ለሲኒማ ስጥ።

የሽሮ ሜዳዋ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ሳምንት ነው የምታወሩት። እኔ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ፤ ከልብስ ሰፊ ጋር ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ልብስ ሰፊ ጊዜውን በሳምንት ሳይሆን በዓመት ነው የሚቆጥረው፤ አንተም ታውቀዋለህ ልጄ።

ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል ቀና የምትልበት ጊዜ አለህ? የተማሪ ዩኒፎርም አለ፣ የዘመን መለወጫ ልብስ አለ። በዚያ ወቅት እሑድም የለህ፤ ሬዲዮህን ከፍተህ ስፋ። ጥቅምት ሲገባ የኳሱ ወቅት ይጀምራል፤ አየሩም ብራ ነው፤ ያኔ እሑድን ለኳስ ብትሰጥ ማን ይወቅስሃል? ከገና እስከ ጥምቀት ዘመድ ነው፣ ሠርግ ነው፤ ሙዚቃውን እዚያው ታገኘዋለህ፤ ክራር ተጫዋቹ ልጅ እንዳለው በዓይንህም ጭምር። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። 55 ቀን ዘፈኑም ጭፈራውም ይቀዘቅዛል፤ የእኔ ባለቤት ነፍሳቸውን ይማረውና መጽሐፋቸውን የሚያወጡት ሁዳዴ ሲገባ ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ የአንተም የእኔም ሥራ ይጧጧፋል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሲኒማህን እይ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከቤት የሚያስወጣ ነገር ስለሌለ ተኝተህ አንብብ።

አራቱንም በአንድ እሑድ ለማጉረስ ስትሞክር ነው የሚተናነቁህ። ዓመቱ ራሱ ከፋፍሎልሃል። ለሚስትህም ጊዜ ስጣት፤ ስለ እሷ አንድ ቃል አልጻፍክም።

የጃን ሜዳው አሠልጣኝ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡45

እትዬ፣ ንግግርዎ ልቤን ነካው። ዓመትን ሳይሆን ሳምንትን ብቻ ይዤ ነበር የተከራከርኩት። ልብስ ሰፊው «አልናፈቁህም ወይ» ብሎ ለጠየቀኝም መልስ ሳልሰጥ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ። ናፍቀውኛል። በተለይ መጽሐፉ። ማሠልጠኑን ግን አልተውም፤ እሱ ከእንግዲህ የራሴ ብቻ አይደለም።

ወንድሜ፣ ከክርክሩ ውጭ አንድ ነገር ልለምንህ። ልጆቹን ለልምምድ በሁለት ቡድን ስከፍላቸው የሚለዩበት ነገር የለም፤ ግማሾቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ነው የሚጫወቱት፤ ጠዋት ደግሞ ብርድ ነው። 14 ሰደርያ በስንት ትሰፋልኛለህ?

ልብስ ሰፊው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

የጨርቁን ብቻ ትከፍላለህ። ቁርጥራጭ ስላለኝ እሱም ብዙ አይሆንም። የልጆቹን ዕድሜ ጻፍልኝ።

እትዬ፣ ልክ ነዎት፤ ስለ ባለቤቴ አልጻፍኩም። ዛሬ ማታ ያሉትን ሁሉ አነበብኩላት። «እኚህን ሴት አመስግንልኝ» ብላለች።

የአራት ኪሎዋ አንባቢ
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡00

ገጥሟል። ሁለቱም ጫፍ ቃል በቃል ገጥሟል። ኮፒውን አስነሥቼ በፖስታ አሽጌዋለሁ። ነገ ከሰዓት በሱቅህ በኩል ስለማልፍ ጎራ እላለሁ።

ልብስ ሰፊው
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ሰደርያዎቹን ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጄን አዝዬ ጃን ሜዳ ወሰድኳቸው። ሰባቱ ቢጫ፣ ሰባቱ ቡናማ ናቸው፤ ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የጊዮርጊስ ደጋፊ የሆኑት ልጆች ግን አንዱም ቅር አላለውም። አሠልጣኙ በፉጨት ሲለያቸው ከሩቅ ሆነው ይታዩ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ሰደርያው ረዝሞበት ጉልበቱ ላይ ደርሶ ነበርና እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጬ በእጄ አሳጠርኩለት።

መጽሐፉን የሰፋሁት ዛሬ ነው። አሮጌው ስፌት የተበሳባቸው ቀዳዳዎች ከነቦታቸው ነበሩ። ኮፒውን በልኩ ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ ወስፌ ይዤ በቀዳዳዎቹ ልክ በሳሁ። ወፍራም የጥጥ ክር ሰም አስነክቼ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ መለስኩት። ባለቤቴ ወረቀቱን ግራና ቀኝ ይዛልኛለች። በመኪና ቢሆን ወረቀቱ ይቀደድ ነበር፤ በእጅ ግን ጨርቅ ከመስፋት አይከብድም። ክሩን ስቋጥር ልጄ ገጾቹን ለመያዝ እጇን ዘረጋች፤ አስነካኋት።

ከዚያ 16ቱን ገጽ ጮክ ብዬ ለባለቤቴ አነበብኩላት። የረሳሁት ግማሽ ተመለሰ። በጆሮዬ የነበረውና በዓይኔ ያየሁት አንድ ቦታ ላይ ተለያዩ፤ አንድን ዐረፍተ ነገር ወጋየሁ በቁጣ እንዳነበበው ነበር የማስታውሰው፤ ወረቀቱ ላይ ሳየው ግን ሐዘን ሆኖ አገኘሁት። የካሴቱን ድምፅ ማመን እንዳለብኝ ወይስ ዓይኔን፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

የአራት ኪሎዋ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ኮፒው ላይ የአባትሽም የእርሳስ ምልክት አብሮ ወጥቷል። የእኔው ቅጂ የቀድሞ ባለቤት የጥያቄ ምልክት የሚያበዛ ሰው ነበር፤ አባትሽ ደግሞ ትንሽ መስቀል ነው የሚያደርጉት። በ16ቱ ገጽ ውስጥ ሦስት ቦታ አድርገዋል፤ አንደኛው ጉዱ ካሣ የሚናገርበት ላይ ነው። ምን ማለታቸው ነበር?

የአራት ኪሎዋ አንባቢ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15

እስከ ዛሬ ልብ ብዬ አላየሁትም። አሁን መጽሐፉን አወጣሁት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መስቀል ያለባቸውን ቦታዎች እየቆጠርኩ ነው። 31 ደርሻለሁ። ነገ እናቴን ጠይቄ እጽፍልሃለሁ።